ውፍረት ሁሉ ጤና አይደለም

በአገራችን ወፍራም ሕፃን ሲታይ «እሰይ፣ አማረበት!» ይባላል። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። ድርቅና ረሀብ ያየ ሕዝብ ክሳትን ይፈራል፤ መፍራቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ከልክ ያለፈ ውፍረትም ልጅን ይጎዳል። ከሚጎዳው የሰውነት ክፍል አንዱ አጥንት ነው።

አጥንት ምንድን ነው?

አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት የሞተ ነገር አይደለም። ሕይወት አለው፤ ያድጋል፤ ሲሰበርም መልሶ ይገጥማል። አሠራሩ የጭቃ ቤት ይመስላል። ቤት ማገርና ጭቃ እንዳለው ሁሉ አጥንትም እንደ ማገር የሚይዘው ጠንካራ ክር አለው። ጭቃው ደግሞ ካልሲየም የሚባል ማዕድን ነው። ካልሲየም ከምግብ ይገኛል። ከሆድ ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ግን ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ቫይታሚን ዲን በብዛት የምናገኘው ፀሐይ ቆዳችንን ስትነካው ነው።

የልጅ አጥንት የሚረዝመው በጫፎቹ ባለው ለጋ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ገና አልጠነከረም።

ውፍረት እንዴት ይጎዳል?

አንደኛ፣ ሸክም ነው። የትልቅ አህያ ጭነት በውርንጭላ ላይ የሚጭን ገበሬ አለ እንዴ? የለም። ከልክ በላይ የወፈረ ልጅ ግን ያንን ጭነት ቀንም ሌትም ይሸከማል። ጉልበቱን ያመዋል፤ እግሩ ሊቆለመም ይችላል። አንዳንዴም የጭኑ አጥንት ራስ ዳሌው ላይ ከቦታው ይንሸራተታል።

ሁለተኛ፣ ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በወፍራም ልጅ ደም ውስጥ ያለው ያንሳል።

ሦስተኛ፣ አጥንት የሚጠነክረው በሥራና በሩጫ ነው። ቁጭ ብሎ የሚውል ልጅ አጥንቱ ይደክማል።

ከእርሻ መሬት ወደ ፎቅ ቤት

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በሳሊተ ምሕረት አካባቢ፣ ብዙው ቦታ ቀድሞ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ልጅ ጥጃ ሲያግድ፣ ሲሮጥ ይውል ነበር። ዛሬ አካባቢው ፎቅና የግንብ አጥር ሆኗል። መጫወቻው ሜዳ ጠቧል። ልጅ ቤት ተዘግቶበት ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ብስኩት ሲበላ፣ ለስላሳ ሲጠጣ ይውላል። እንዲህ ያለው ልጅ ይወፍራል፤ ፀሐይም አያገኝም።

ፀሐይ ያጣ ልጅ ቢከሳም ቢወፍርም አጥንቱ ሊለሰልስ ይችላል። ይህ በሽታ ሪኬትስ ይባላል። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተጠንቶ በ1989 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ይህን አሳይቷል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ዎቹ ሪኬትስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን በደንብ መተንፈስ ያቅተዋል። ፀሐይ በሞላበት አገር ልጅ በፀሐይ እጦት ይታመማል ማለት ነው! ብርድና ዓይነ ጥላ ተፈርቶ ሕፃን በጨርቅ ተሸፋፍኖ ጓዳ ሲውል ይህ ይደርሳል።

ምን እናድርግ?

1. ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ከዚያ ከጡቱ ጋር እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ጥራጥሬና የጤፍ ምግብ ይሰጠው።
2. በረፋድ ፀሐይ እጅና እግሩን ገልጠን እናሙቀው። በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባ ፀሐይ ለዚህ አትጠቅምም።
3. ከ5 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቀን ቢያንስ 1 ሰዓት ይሩጥ፣ ይጫወት።
4. ለስላሳና ጣፋጭ የዘወትር ምግብ አይሁን። ውሃ ይጠጣ።
5. የወፈረን ልጅ አናስርበው፤ አናሹፍበትም። ምግቡን እናስተካክል።
6. ልጅ ካነከሰ ወይም እግሩ ከተቆለመመ ወጌሻ አይሸው። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና!

ጥያቄዎች

1. አጥንት ከጭቃ ቤት ጋር በምን ይመሳሰላል?
2. ቫይታሚን ዲ ለምን ይጠቅማል?
3. በእናንተ ሰፈር ሕፃናት ፀሐይ ይሞቃሉ? ካልሞቁ ምክንያቱ ምንድን ነው? ተወያዩበት።