የአንበሳ ጠባቂዎቹ ሙራኖች

በደቡብ ኬንያ የሚገኘው የአምቦሴሊ ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ 392 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አንበሶቹ እየወጡ ማሳዮች ከብት ወደሚያግዱበት ሰፊ ሜዳ ይዘልቃሉ። ስለዚህ የአምቦሴሊ አንበሳ ሕይወት ከፓርኩ ዘበኛ ይበልጥ በእረኛው እጅ ናት።

ሙራን የሚባለው የማሳይ ወጣት ተዋጊ አንበሳ ሲገድል ይከበራል፤ አዲስ ስምም ይወጣለታል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በእኛም አገር ግዳይ የጣለ ጀግና ጎፈር አድርጎ ይፎክር ነበር። ላሙ የተበላችበት ሰው ቁጣ ሲጨመርበት ደግሞ ጦሩን የሚመልሰው የለም። ኬንያ በ1977 እ.ኤ.አ. አደን ብትከለክልም ግድያው አልቆመም። ከጦሩ የከፋው መርዝ ነው፤ በሞተች ላም ሥጋ ላይ የተነሰነሰ የተባይ መድኃኒት ከአንበሳው ጋር ጅቡንም ጥንብ አንሳውንም ይፈጃል።

በ2003 እ.ኤ.አ. በአምቦሴሊ አቅራቢያ ባለችው ምቢሪካኒ ከብቱ ለተበላበት ሰው ካሳ መክፈል ተጀመረ፤ በጣም ጠቀመ። ካሳ ግን ንዴትን እንጂ የክብር ጥማትን አያበርድም። ቤተሰቦቿ ከግብፅ የሆኑት ተመራማሪ ሊላ ሃዛ ከማሳዮች ጋር ኖራ ያስተዋለችው ይህንን ነው። በ2007 ከስቴፋኒ ዶልረንሪ ጋር «ላየን ጋርዲያንስ» የተባለውን ድርጅት ስታቋቁም በጠባቂነት የቀጠረችው ራሳቸውን ሙራኖቹን ነበር። ለእኔ የሥራው ብልህነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወጣቱ ጀግንነቱን እንዲተው አልተጠየቀም።

ጠባቂው ማልዶ ይወጣና ኮቴ ይፈልጋል። ጅብ ሲራመድ ጥፍሩ መሬቱ ላይ ምልክት ይተዋል፤ አንበሳ ግን ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ኮቴው ላይ የመዳፉና የጣቶቹ ቅርጽ ብቻ ይታያል። ይህን ሙራኑ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ አዲስ የተማረው ማንበብና መጻፍን፣ ያየበትን ቦታ በጂፒኤስ መመዝገብን፣ አንገቱ ላይ ማሰሪያ የተደረገለትን አንበሳ በሬዲዮ አንቴና መከታተልን ነው። አንበሳው የት እንዳለ ሲያውቅ ለእረኞች ደውሎ «ዛሬ በዚያ በኩል አታሰማሩ» ይላል። የላላውን የእሾህ አጥር ያጠብቃል። ከብት ሲጠፋም ሳይመሽ ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ ያደረች ላም ለአንበሳ ቀላል ሲሳይ ናትና። ጎረምሶች ጦር ይዘው ሲነሱ ደግሞ መሐላቸው ገብቶ የሚለምናቸው እሱው ነው። ከእነሱ አንዱ ስለሆነ ይሰሙታል።

ጠባቂዎቹ ለአንበሶቹ የማሳይ ስም ያወጣሉ። ስሙን፣ እናቱንና ደቦሎቹን የሚያውቁትን አንበሳ መግደል ይከብዳል። በ2014 የታተመ ጥናት ካሳው ግድያውን ወደ 90 በመቶ ገደማ እንደቀነሰው፣ ጠባቂዎች የተሰማሩበት አካባቢ ግን ቅነሳው 99 በመቶ እንደደረሰ አሳይቷል።

በግንቦት 2023 ግን ከረዥም ድርቅ በኋላ በአምቦሴሊ ዙሪያ በአንድ ሳምንት 10 አንበሶች ተገደሉ። አንዱ ጠባቂዎቹ ለዓመታት የተከታተሉት፣ ዕድሜው ወደ 19 ዓመት የደረሰው ሉንኪቶ ነው፤ ከብት ፍለጋ መንደር ገብቶ በጦር ተወጋ። ከዚያ በኋላ በምቢሪካኒ 11 ፍየሎች ተበልተው ስድስት አንበሶች በአንድ ጊዜ ወደቁ። ጠባቂ ያለበት አገር እንኳ ድርቅ አራዊቱንና ከብቱን ሲያሳጣ ትዕግሥት ያልቃል፤ ሙራኖቹም እንዲህ ባለ ጊዜ ከመንደር መንደር እየዞሩ የሚለምኑት ከብቱን ያጣውን ሰው ነው።