ቀርቀሃ ብቻ የሚበላው ድብ

ላም ሣር ትበላለች። ነብር ሥጋ ይበላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ግን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። የሥጋ በል ሆድ ይዞ ቅጠል የሚበላ አውሬ አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ?

አለ። ስሙ ፓንዳ ይባላል። አገሩ ቻይና ነው።

ፓንዳ ከድብ ወገን ነው። ድብ በአገራችን ዱር ስለሌለ መልኩን እንንገራችሁ። ሰውነቱ ደልዳላ ነው። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ፊቱና ሆዱ ነጭ ነው። ጆሮዎቹ፣ የዓይኖቹ ዙሪያ፣ ትከሻውና አራቱም እግሮቹ ግን ጥቁር ናቸው። ትልቁ ፓንዳ አንድ ኩንታል፣ ማለት 100 ኪሎ ይመዝናል። ከዚያም የሚበልጥ አለ።

የሚኖረው ሲቹዋን፣ ሻአንሺና ጋንሱ በሚባሉ የቻይና ክፍላተ ሀገር ተራሮች ላይ ነው። እዚያ ብርድና ጉም አይጠፋም። ከዛፎቹ ሥር ቀርቀሃ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል።

ቀርቀሃን ማን አያውቀውም? አጥር ይታጠርበታል። ቅርጫት ይሠራበታል። ቤት ይዋቀርበታል። ለፓንዳ ግን ቀርቀሃ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ ራቱም ነው። ከሚበላው ምግብ ከመቶ 99 እጁ ቀርቀሃ ነው። አልፎ አልፎ ሌላ ሣር ይቀምሳል። የሞተ እንስሳ ካገኘም ሥጋውን አይተውም። ይህ ግን ከስንት አንዴ ነው።

በቀን ስንት ይበላል?

አንድ ፓንዳ በቀን ከ12 እስከ 38 ኪሎ ቀርቀሃ ይበላል። 38 ኪሎ ማለት ከኩንታል ሲሶ በላይ ነው። ይህን ለመጨረስ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ሲያኝክ ይውላል። ሌሊትም ተነሥቶ ይበላል። ጥቂት ይተኛል፣ ይነቃል፣ እንደገና ይበላል።

ለምን ያን ያህል? ሆዳም ስለሆነ ነው እንዴ? አይደለም። ምክንያቱ ሌላ ነው።

እስቲ ላምን አስቡ። ላም ጨጓራም ሽንፍላም አላት። የዋጠችውን ሣር መልሳ ወደ አፏ እያመጣች ታመሰኳለች። ሣሩ ሆዷ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ስለዚህ ከሣሩ ብዙ ጉልበት ታገኛለች።

ፓንዳ ግን ሽንፍላ የለውም። አያመሰኳም። አንጀቱም እንደ ሥጋ በል አንጀት አጭር ነው። የጥንት ዘሮቹ ሥጋ ይበሉ ነበር። ምግቡ ተለወጠ፤ ሆዱ ግን ብዙም አልተለወጠም። ስለዚህ ቀርቀሃው ሆዱ ውስጥ ሳይቆይ ያልፋል። አጥኚዎች ለክተውታል። ፓንዳ ከበላው ቀርቀሃ ለሰውነቱ የሚያስቀረው ከመቶ 17 እጅ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው ፋንድያ ሆኖ ይወጣል። ፓንዳ በቀን እስከ 40 ጊዜ ይጥላል።

ታዲያ በምን ይኖራል? ብዙ ይበላል፤ ጉልበቱንም ይቆጥባል። አይሮጥም። አይቸኩልም። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ይህን አሳይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፓንዳ በቀን የሚያወጣው ጉልበት የእሱን ያህል ከሚመዝን እንስሳ ከሚጠበቀው ከመቶ 38 እጅ ብቻ ነው።

በብርድ አገር ብዙ ድቦች የብርዱን ወራት ዋሻ ገብተው ተኝተው ያሳልፋሉ። አስቀድመው ስብ ስላጠራቀሙ አይራቡም። ፓንዳ ግን ከቀርቀሃ ያን ያህል ስብ አያገኝም። ስለዚህ በረዶ ሲወርድም እየዞረ ይበላል እንጂ አይተኛም።

ስድስተኛው ጣት

ፓንዳ ሲበላ እንደ ሰው ቁጭ ይላል። ቀርቀሃውን በፊት እግሩ ይጨብጣል። ውሻ ወይም ጅብ እንዲህ መጨበጥ አይችልም። ፓንዳ እንዴት ቻለ?

በፊት እግሩ ላይ አምስት ጣት አለው። ከአምስቱ ሌላ፣ ከእጅ አንጓው አጠገብ አንድ አጥንት አድጎ ወጥቷል። ይህ አጥንት እንደ አውራ ጣት ያገለግለዋል። ቀርቀሃውን በጣቶቹና በዚህ አጥንት መካከል ይይዘዋል። ከዚያ ጠንካራውን ልጣጭ በጥርሱ ይገፈዋል። የውስጡን ቆርጦ ያኝካል። መንጋጋው ብርቱ ነው። የመንጋጋ ጥርሶቹም ሰፋፊ ናቸው፤ እንደ ወፍጮ ይፈጫሉ።

ፓንዳ ቀርቀሃውንም ይመርጣል። ብርዱ አልፎ ሙቀት ሲጀምር ቡቃያው ከመሬት ይወጣል። ቡቃያው ለስላሳና ውሃ የበዛበት ነው። ፓንዳ ከሁሉ አብልጦ ይወደዋል። ቡቃያው መጀመሪያ የሚወጣው በዝቅተኛው ቦታ ነው። ኋላ ከፍ ባለው ቦታ ይወጣል። ፓንዳም ቡቃያውን እየተከተለ ተራራውን ይወጣል። ቡቃያው ሲጠነክር ወደ ቅጠሉ ይዞራል። ቅጠሉ ሲያንስ አገዳውን ይበላል።

ግልገሏ ስትወለድ ክብደቷ 100 ግራም ገደማ ነው። እናቷ ከወለደች በኋላ ለጥቂት ቀናት ግልገሏን ትታ ለምግብ እንኳ አትወጣም። ግልገሏ መጀመሪያ ወተት ትጠባለች። ከዚያ ከእናቷ ጎን ሆና ቀርቀሃ መብላት ትለምዳለች። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆናት ራሷን ትችላለች።

ቀርቀሃ ሲያብብ

አበባ አይቶ የማይደሰት ማን ነው? ለፓንዳ ግን የቀርቀሃ አበባ የችግር ምልክት ነው።

ቀርቀሃ በየዓመቱ አያብብም። እንደየዓይነቱ ሠላሳ፣ ስልሳ፣ አንዳንዱም መቶ ዓመት ይቆያል። ጊዜው ሲደርስ ያ ዓይነት ቀርቀሃ በሰፊው አገር ላይ ባንድነት ያብባል። ዘሩን ያራግፋል። ከዚያም ይደርቃል። ከዘሩ አዲስ ቀርቀሃ ይበቅላል። ነገር ግን ፓንዳን የሚያጠግብ እስኪሆን ከ10 ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያስ ምን ይብላ?

በጥንት ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። አንዱ ዓይነት ቀርቀሃ ሲደርቅ ፓንዳው ሌላ ዓይነት ወዳለበት ተራራ ይሄዳል። ጫካው ሰፊ ነበር። መንገዱም ክፍት ነበር። ኋላ ግን በሸለቆው እርሻ ተስፋፋ። ዛፉ ተቆረጠ። መንገድ ተሠራ። ተራራና ተራራ ተለያየ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ሚን በሚባሉት ተራሮች ላይ ቀርቀሃው አብቦ ደረቀ። በዚያ ጊዜ 138 ፓንዳዎች ሞተው ተገኙ።

በ1983 ደግሞ ዎሎንግ በሚባለው የተጠበቀ ጫካ ቀርቀሃው አበበ። ሰው ሁሉ እንደገና ሊያልቁ ነው ብሎ ፈራ። በዚያ ጫካ ሁ ጂንቹ የተባሉ ቻይናዊ አጥኚና ጆርጅ ሻለር የተባሉ አሜሪካዊ አጥኚ ፓንዳዎችን ይከታተሉ ነበር። እንደተፈራው አልሆነም። በዎሎንግ ከደረቀው ቀርቀሃ ዝቅ ብሎ ሌላ ዓይነት ቀርቀሃ ነበር። ፓንዳዎቹ ወደዚያ ወርደው በሉ። ተረፉ።

አያችሁ ልዩነቱን? የቀርቀሃው ማበብ ብቻውን ፓንዳን አይጨርስም። የሚጨርሰው መሄጃ ማጣት ነው። አንድ ምግብ ብቻ የሚበላ እንስሳ ወደ ሌላው ተራራ የሚሻገርበት መንገድ ያስፈልገዋል።

ዛሬስ?

ቻይና በ1998 የተፈጥሮ ደን መቁረጥን መከልከል ጀመረች። በ2015 ይፋ በሆነው ቆጠራ በዱር ያሉት ፓንዳዎች 1,864 ሆነው ተገኙ። ከቀድሞው ቆጠራ ጨምረዋል። በ2021 ደግሞ ለፓንዳ ትልቅ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። የተለያዩትን ጫካዎች መልሶ ማገናኘት አንዱ ሥራው ነው። በተራቆተው መሐል ዛፍና ቀርቀሃ ይተከላል። ፓንዳውም ከተራራ ወደ ተራራ ይሻገርበታል።

ሥራው ገና አላለቀም። ፓንዳዎቹ ከ30 በሚበልጡ ቦታዎች ተከፋፍለው ነው የሚኖሩት። በአንዳንዱ ቦታ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው። የእነሱ ቀርቀሃ አንድ ቀን ያብባል። ያን ጊዜ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸው ይሆን?

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ጽሑፉን እንደገና አንብቡና መልሱ።

1. ፓንዳ ብዙ ቀርቀሃ የሚበላው ለምንድን ነው?
2. ላምና ፓንዳ በሆዳቸው በምን ይለያያሉ?
3. የዎሎንግ ፓንዳዎች የተረፉት፣ የሚን ተራሮቹ ግን ብዙዎቹ የሞቱት ለምን ይመስላችኋል? ከጎረቤታችሁ ጋር ተወያዩበት።