ግቢው ጠባብ፣ ቤቱ ሰፊ፦ ገዢ ምን ይመልከት?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ቤት ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ግቢው ነው። ጌሾ የማይተከልበት፣ የበዓል በግ የማይታሰርበት ቤት ለብዙዎች ቤት አይመስልም። በመሆኑም በጠባብ ቦታ ላይ በቅርቡ በብሎኬት የተሠራ ባለ ብዙ ክፍል ቤት ሲቀርብለት ደላላውን «መሬቱስ?» ይለዋል።

መሬቱማ አይሸጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። የሚሸጠው ቤቱ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል። ሊዝ የሚሰላው በካሬ ሜትር ነው። ያረጀ የጭቃ ቤት ከሰፊ ግቢ ጋር «በርካሽ አገኘሁ» የሚል ነጋዴ ይህንን ሒሳብ ቀድሞ ይሥራ።

አዲሱ ቤትም ጣጣ አያጣውም። ሻጩ ቦታውን በሊዝ ሲወስድ የከፈለው ቅድሚያ ክፍያውን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አዋጁ የሚጠይቀው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። ቀሪው ዕዳ ቤቱን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ዕዳውንና የግንባታ ፈቃዱን ማየት ያሻል። ከፈቃድ ውጭ የተጨመረ ክፍል ትርፉ ክርክር ነው።

ለኪራይ የሚገዛ ሰው ግን ከግቢ ይልቅ ክፍል ይቁጠር። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ የፊቤላ የዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቆባታል። ሠራተኛ የሚከራየው ክፍል እንጂ ጓሮ አይደለም። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ተከራይም ይርቃል፤ ሻጭ የሚጠራው ዋጋ የሰላሙን ጊዜ ኪራይ ይዞ እንዳይሆን ገዢ ቀድሞ ይጠይቅ።