ሃልክና ዶክተር ባነር፤ ሰውየው የትኛው ነው?

ኮሚክ የሚባሉትን የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች የሚያነቡ ወጣቶች በአንድ ቦታ የተገናኙ እንደ ሆነ ጨዋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ማን ማንን ያሸንፋል በሚለው ይጀመራል። ስለ ሃልክ የተነሣ ጊዜ ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሃልክ ጉልበት በቁጣው መጠን እየጨመረ የሚሄድ ስለ ሆነ ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም ብሎ የሚደክም የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም ያ አረንጓዴ ፍጡርና ዶክተር ብሩስ ባነር የተባለው ዝምተኛ የፊዚክስ ሊቅ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት? ሁለትስ ከሆኑ የገላው ባለቤት የትኛው ነው? እኛም በዚህ ክርክር ብዙ ምሽት ያሳለፍን ስለ ሆነ ዛሬ አንባቢዎቻችንን ወደዚያው ይዘን ልንገባ አሰብን።

ታሪኩን ለማያውቁ ባጭሩ እንናገር፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1962 ማርቭል በተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ቤት ጸሐፊው ስታን ሊና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ የመጀመሪያውን የሃልክ መጽሔት አወጡ። ባነር ለጦር ኃይሉ የጋማ ቦምብ የሚሠራ ሊቅ ነው። ቦምቡ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ሪክ ጆንስ የሚባል ጎረምሳ መኪናውን እየነዳ ወደ መሞከሪያው ሜዳ ይገባል። ባነር ቆጠራው እንዲቆም ለረዳቱ ነግሮ ወደ ልጁ ይሮጣል፤ ረዳቱ ግን ሰላይ ነበረና ዝም ብሎ ያያል። ልጁን ወደ ጉድጓድ ገፍትሮ ያዳነው ባነር ራሱ በጨረሩ ይመታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ሰውነቱ አብጦ ሌላ ፍጡር ይሆናል። ብዙ ሰው ሃልክ ከቁጣ የተወለደ ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ የተወለደው የሰው ልጅ ለማዳን ከተደረገ ሩጫ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ እትሞችም የሚለውጠው የቀኑ መምሸት እንጂ ንዴት አልነበረም። መጽሔቱ በስድስት እትም ተቋርጦ ሃልክ በ1964 በሌላ መጽሔት ውስጥ ሲመለስ ነው ለውጡ ከንዴትና ከድንጋጤ ጋር የተያያዘው።

ስታን ሊ ይህን ፍጡር ሲያስብ ሁለት የቆዩ መጻሕፍት በአእምሮው እንደ ነበሩ ደጋግሞ ተናግሯል፤ እነዚህም ሜሪ ሼሊ በ1818 ያሳተመችው ፍራንከንስታይንና ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1886 ያሳተመው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ናቸው። ጃክ ከርቢ ግን በስተርጅናው ሲጠየቅ ሌላ ነገር አጫወተ። አንዲት እናት ልጇ ከመኪና ሥር ቢገባባት በጭንቀት ኃይል መኪናውን ብድግ ስታደርገው አይቶ፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ የማይቻለውን እንደሚችል ከዚያ መረዳቱን ገለጸ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የአንዱ ፍጡር ሁለት አባቶች ስለ ልጃቸው አልተስማሙም። እንደ ሊ ከሆነ ሃልክ ደኅና ሰው ሊደብቀው የሚገባ ጉድ ነው። እንደ ከርቢ ከሆነ ግን ሃልክ ሌላ ረዳት የጠፋ ዕለት የሚደርስ ጉልበት ነው። አንባቢዎችም ከዚያን ጊዜ ወዲህ፤ አብዛኞቹ ሳያውቁት፤ ከሁለቱ አባቶች በአንደኛው በኩል ይሰለፋሉ።

የባነር ወገኖች ብዙውን ጊዜ ሃልክን በቴሌቪዥን ያወቁት ናቸው። ከ1977 እስከ 1982 በታየው ፊልም ቢል ቢክስቢ ሐኪሙን ሲጫወት፤ ሉ ፈሪኞ የተባለው ባለ ጡንቻ ሰው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አንዲት ቃል ሳይናገር ሃልክን ተጫወተ። በዚህ ፊልም ባነር ሚስቱን በመኪና አደጋ ያጣና መኪናውን አንሥቶ ሊያድናት ስላልቻለ ሌሎች ሰዎች ያን ኃይል ከየት እንደሚያገኙት ሲመረምር በራሱ ላይ መዘዝ ያመጣል። የከርቢ እናት በሌላ በር ተመልሳ ገባች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከከተማ ወደ ከተማ እየተንከራተተ መድኃኒት ይፈልጋል። ይህን ያየ ሰው ሃልክ በሽታ ነው፤ ባነር በሽተኛ ነው፤ የታሪኩም መጨረሻ መዳን መሆን አለበት ቢል አይፈረድበትም።

የሃልክ ወገኖች ግን ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። ሃልክ የሚፈልገው እንዲተዉት ብቻ ነው፤ ታንክና አውሮፕላን ይዞ በየበረሃው የሚያሳድደው ጄኔራሉ ነው ይላሉ። በ1965 እስኳየር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲጽፍ፤ ለውጥ ፈላጊዎቹ ሃልክንና ስፓይደርማንን ከቦብ ዲለንና ከቼ ጉቬራ ጋር እንደሚቆጥሯቸው ገልጾ ነበር። ተማሪ የነበረ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ለእነዚህ አንባቢዎች ባነር ጭንብል ነው፤ ሃልክ ደግሞ ባነር መፍራቱን ያቆመ ጊዜ የሚታየው እውነተኛው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማተሚያ ቤት ጨዋታ እናንሣ። ሃልክ በመጀመሪያው እትም ግራጫ ነበር። ነገር ግን ማተሚያው ግራጫውን ቀለም በየገጹ እኩል አድርጎ ማውጣት ስላልቻለ ከሁለተኛው እትም ጀምሮ አረንጓዴ ሆነ። ባነርም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ስታን ሊ በ1964 ስሙን ዘንግቶ ቦብ ባነር ብሎ ቢጽፈው አንባቢዎች በደብዳቤ ወጥረው ስለ ያዙት፤ ሙሉ ስሙ ሮበርት ብሩስ ባነር ነው ተብሎ ነገሩ በብልኃት ታለፈ። ሁለት ኑሮ ላለው ሰው ሁለት ስም ሲያንስ ነው። ግራጫው ግን ተረስቶ አልቀረም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። በ1988 ጆ ፊክሲት በሚል ስም፤ ሱፍ ልብስ ለብሶ፤ በላስ ቬጋስ ቁማር ቤት ጉልበቱን የሚሸጥ ተንኮለኛ ሆኖ እናገኘዋለን። የቀለም ጉድለት የነበረው ነገር ራሱን የቻለ ሦስተኛ ሰው ሆነ።

ክርክሩን ከሥሩ የለወጠው ግን በ1985 የወጣው 312ኛው እትም ነው። በዚያ እትም ጸሐፊው ቢል ማንትሎ ብሩስ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ይደበድበው እንደ ነበረና እናቱንም እንደ ገደላት ጻፈ። ስለዚህ ቦምቡ ሃልክን አልፈጠረውም፤ በልጁ ውስጥ ተዳፍኖ የኖረውን ገላ አለበሰው እንጂ። ከ1987 እስከ 1998 መጽሔቱን የጻፈው ፒተር ዴቪድም ይህን ይዞ ገፋበት፤ የባነር ነገር የመለወጥ ሳይሆን የመከፈል ነው፤ ልጁ ብቻውን ሊሸከመው ያልቻለውን ለብዙ አካፈለው አለ። (የማንነት መከፈል እውነተኛ ሕመም ነው፤ በሽተኞቹ ግን ከተማ አያፈርሱም። ኮሚክን እንደ ሕክምና መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል።) በ1991 ባነር፤ አረንጓዴውና ግራጫው በአንድ ሐኪም ረዳትነት ታርቀው አንድ ሆኑ፤ የሃልክ ጉልበትና የባነር አእምሮ ያለው አንድ ሰው ወጣ። አንባቢው እኩሌታው እፎይ አለ፤ እኩሌታው ግን ሃልክ ሞተ ብሎ አለቀሰ። በ2019 በወጣው የአቬንጀርስ ፊልምም ይኸው ተደገመ። ሁለቱ ከተመልካች ዓይን ውጭ ታርቀው፤ ባነር ምግብ ቤት ተቀምጦ በጥቂት ቃል ሲያወራው ብዙዎች ተናደዱ። የሃምሳ ዓመት ጠብ በአንድ ገበታ ላይ እንዴት ይነገራል? እኛም ከተናደዱት ወገን ነን።

በእኛ ግምት ከሁሉ የበለጠውን መልስ የሰጠው ከ2018 እስከ 2021 በሃምሳ እትሞች የወጣው የአል ዩዊንግ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ሃልክ እንደ ጥንቱ ከምሽት ጋር ይነሣል፤ ከሁሉ የሚያስፈራውና ዲያብሎስ የተባለው ሃልክ ደግሞ ባነር በሕፃንነቱ ያላገኘው አባት ነው። ባነርን አይጠላውም፤ ይጠብቀዋል። አንድ ጓደኛችን ይህን ካነበበ በኋላ ብዙ ቀን ሳይከራከረን ቆየ። በኋላ ስንጠይቀው፤ እኔ በልጅነቴ እንዲህ ያለ ሰው ከበሩ ኋላ እንዲቆምልኝ እመኝ ነበር አለን። ከዚያ ወዲህ ሃልክ በሽታ ነው ወይስ አይደለም እያልን እንደ ድሮው መሳቅ አቃተን።

የሆነ ሆኖ አንድ ነገር ያሳስበናል። ሃልክ ጠባቂ ነው ስንል ጠባቂው ያፈረሰውን ቤት ማን ይክፈል? እኔ አልነበርሁም፤ ቁጣዬ ነው የሚል ሰው በቢሮም በቤትም አይተናል፤ ራሳችንም ብለነዋል። የባነር ወገኖች ይህን ሲያነሡ እውነት አላቸው፤ ባነር ባልታወቀ ስፍራ፤ በተቀደደ ሱሪ ሲነቃ፤ ማንን ጎዳሁ ብሎ ይጨነቃል፤ ሃልክ ግን ዘሎ ይሄዳል።

ይህን ያልናቸው ዕለት ከሃልክ ወገኖች አንዱ የመጀመሪያውን እትም አውጥቶ ከፊታችን ዘረጋው። ባነር ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ቦምቡ በጥንቃቄ እንዲሞከር ጄኔራሉን ይለምናል። ጥንቃቄው ስለ ፍንዳታው ኃይል እንጂ ቦምቡ ኋላ በማን ላይ እንደሚወድቅ አይደለም። ሃልክ ገና አልተወለደም። በገጹም ላይ የተቆጣ ሰው ቢኖር ጄኔራሉ ብቻ ነው።