ከወንበርዎ ሲነሱ ኮምፒውተርዎን ይቆልፉ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ ሱቅ ወይም ቢሮ ካለዎት አንድ ኮምፒውተር ብዙ ጉዳይ እንደሚይዝ ያውቃሉ። ሒሳቡ፣ የደንበኞች ፓስፖርት ቅጂ፣ በኢሲቲዝን፣ ማለትም በኬንያ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት፣ የሚሞላው ማመልከቻ ሁሉ እዚያው ነው። ለአፍታ ወጣ ሲሉ ስክሪኑ ክፍት ከቀረ፣ የገባ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ በእርስዎ ስም መልእክት ሊልክም ይችላል።

ስቆልፈው ሥራዬ ይጠፋል? አይጠፋም። መቆለፍ ማለት ስክሪኑን በይለፍ ቃል መዝጋት ነው። የተከፈተው ፋይል ባለበት ይቆያል። መብራት ቢሄድ ግን ቁልፉ አያድንዎትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሴቭ ያድርጉ።

እንዴት ልቆልፍ? ዊንዶውስ ከሆነ፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ ኤልን ይንኩ። ማክ ከሆነ፣ ኮንትሮልና ኮማንድን እንደያዙ ኪውን ይንኩ።

ብረሳስ? ዊንዶውስ 10 እና 11 ዳይናሚክ ሎክ የሚባል አገልግሎት አላቸው። ስልክዎ ሲርቅ ኮምፒውተሩ ራሱን ይቆልፋል። መጀመሪያ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር በብሉቱዝ፣ ማለትም በአጭር ርቀት ገመድ አልባ ግንኙነት፣ ያገናኙ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተው ዳይናሚክ ሎክን ያብሩ። ለመቆለፍ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትተው ከሄዱ ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ መጠባበቂያ እንጂ የጣትዎ ምትክ አይደለም።

ስንት ያስወጣል? ምንም። የሚገዛ ፕሮግራም የለም፤ ኢንተርኔትም አይበላም። ኮምፒውተሩ ብሉቱዝ ከሌለው ብቻ ትንሽ የብሉቱዝ መሰኪያ መግዛት ያስፈልጋል። ሲመለሱ የይለፍ ቃል መጻፍ ከሰለቸዎት፣ ፒን የሚባለውን አጭር የቁጥር መክፈቻ ያዘጋጁ።

ይህን ያህል ያሳስባል? አዎ። የኬንያ የ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሰው መረጃ የያዘ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ቅጣቱ እስከ 5 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም ከዓመታዊ ገቢ 1 በመቶ፣ ከሁለቱ ዝቅተኛው፣ ሊደርስ ይችላል።

ሳይበር ካፌ ብጠቀምስ? እዚያ መቆለፍ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ የእርስዎ አይደለም። ከኢሜይልዎና ከኢሲቲዝን ሳይን አውት ብለው ይውጡ፤ ያወረዷቸውን ሰነዶችም ያጥፉ።

በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ሠራተኞች ካሉ ለየራሳቸው አካውንት ይክፈቱላቸው። ሁሉም የሚያውቀው የይለፍ ቃል ማንንም አያግድም።