ቱቦው መቼ ይወጣል?



በቅርቡ ቂርያት መላኺ ውስጥ ከቀዶ ሕክምና የተመለሱ አንዲት እናት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቡናው ተፈልቷል፤ እርሳቸው ግን ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። «ብርድ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ወሩ ሐምሌ ነበር። ሴት ልጃቸው ወጣ ስትል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሽንታቸውን ሲሸኑ እንደሚያቃጥላቸው ነገሩኝ። ለሐኪም ያልተናገሩት ስላፈሩ ነው። ደግሞም «እንደገና ሆስፒታል ብገባ ማን ይከፍልልኛል?» ብለው ሠግተዋል።

እንዲህ ያለውን ነገር በገዴራም በያቭኔም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ስለ በሽታውም ስለ ክፍያውም ላስረዳችሁ።

በብዙ ቀዶ ሕክምናዎች ጊዜ ሽንት የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባል። ካቴቴር የሚሉት እርሱ ነው። ይጠቅማል፤ ነገር ግን ተሕዋስያን ቱቦውን ተከትለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቱቦው ባደረ ቁጥር፣ በየቀኑ ከመቶ ሰው ከ3 እስከ 7 በሚሆኑት ሽንት ውስጥ ተሕዋስያን ይገኛሉ። ሁሉም ይታመማሉ ማለት አይደለም። የታመመ ሰው ግን ሳይታከም ከቆየ ሕመሙ ወደ ኩላሊትና ወደ ደም ሊዛመትና ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በ2009 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ፣ የተለየ ምክንያት ከሌለ ቱቦው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢወጣ ይመረጣል ይላል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን፣ ሆስፒታል ውስጥ በቱቦ ምክንያት ለመጣ የሽንት ሕመም ከኦክቶበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ ለሆስፒታሉ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አቆመ። በ2012 የታተመ ጥናት ግን በዚህ ደንብ ምክንያት ሕመሙ እንዳልቀነሰ አሳየ። የገንዘብ ደንብ ብቻውን ቱቦ አያወጣም። አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

በእኛ አገር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ በጸናው የጤና መድን ሕግ መሠረት ለመተኛት የሚከፈለውን ሒሳብ ለሆስፒታሉ የሚከፍለው ቁፓት ሖሊም ነው። ረሖቦት ካፕላን፣ አሽቀሎን ባርዚላይ ወይም ከ2017 ወዲህ በተከፈተው አሽዶድ አሱታ ቢተኙ ሕጉ አንድ ነው። ቀጠሮ ላለው ሕክምና ቶፌስ 17 ከቁፓቱ ይቀበሉ። ሚዩን ሲሄዱ ደግሞ የሐኪም መላኪያ ካለዎት፣ ወይም እዚያው ካስተኙዎት አይከፍሉም። ያለ መላኪያ ሄደው በዚያው ቀን ከተመለሱ ግን ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድመው ወደ ቁፓትዎ ነርስ ይደውሉ። ሕመሙ ከበረታ ግን ወረቀት አይጠብቁ፤ 101 ይደውሉ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሽንት ማቃጠል፣ የጎን ወይም የእንብርት በታች ሕመም ከተሰማዎት አይደብቁ። ሆስፒታል ሳሉም በየማለዳው «ቱቦው ለምን ያስፈልገኛል? መቼ ይወጣል?» ብለው ይጠይቁ። በራስዎ እጅ ግን አይንኩት። በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ፣ ሐኪሙ በሚገባዎት መንገድ እንዲያስረዳዎት ያዛል። አስተርጓሚ ይጠይቁ። እናት ለልጇ፣ አባትም ለልጁ እንዲህ ያለውን ሕመም መናገር ይከብዳቸዋልና ልጆቻችንን አስተርጓሚ አናድርጋቸው።

እኚያ እናት ፈቅደውልኝ ነርሷ ዘንድ ደወልን። በዚያው ቀን መላኪያ ተሰጣቸው፤ ሽንታቸው ተመረመረ፤ መድኃኒትም ጀመሩ። ገንዘብም አልተጠየቁም። ሌላ ጊዜ ስሄድ ቡናውን ያፈሉት ራሳቸው ነበሩ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ወገኖቼ፣ መድኃኒቱ አለ፤ እንናገር።