ሦስቱ መስቀሎች፦ ሁለት ጊዜ የተቀረጸ መዳብ

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1653 «ሦስቱ መስቀሎች» የተሰኘውን ኅትመቱን የሠራው ወርዱ 45፣ ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የመዳብ ሠሌዳ ላይ ነው። ብዙዎቹን ኅትመቶቹን በአሲድ ነበር የሚሠራው፤ መዳቡን በሰም ይለብጠዋል፣ ሰሙን በመርፌ ይጭረዋል፣ ከዚያ አሲዱ የተጫረውን ቦታ ይበላዋል። እዚህ ግን አሲዱን ትቶ መዳቡን ራሱን በሹል ብረት ጫረው። ብረቱ ሲያልፍ በጭረቱ ዳርና ዳር ሻካራ ጠርዝ ይቀራል። ሠሌዳው ቀለም ተቀብቶ ሲወለወል ይህ ጠርዝ ቀለሙን አንቆ ይይዝና በወረቀቱ ላይ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ጥቁር ያትማል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ማተሚያው በተጫነው ቁጥር እየተደፈጠጠ ይሄዳል፣ ጥቁሩም ይሳሳል።

ብርሃኑስ? ብርሃኑ ቀለም ያልነካው ባዶ ቦታ ነው። ሬምብራንት የደከመው ለጨለማው ነው፤ ብርሃኑን እጁን በመሰብሰብ አተረፈው። ለእኔ የዚህ ሥራ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው።

ወንጌል ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምድር እንደጨለመች ይነግረናል። በስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሰው እነዚያን ሰዓቶች በጉልበቱ ያውቃቸዋል። በመጀመሪያው ኅትመት ብርሃን ከላይ እንደ ድንኳን ተዘርግቶ ይወርዳል። ክርስቶስ በሁለት ወንበዴዎች መሃል ተሰቅሏል፤ መቶ አለቃው ከፈረሱ ወርዶ እጆቹን ዘርግቶ ተንበርክኳል፤ ከመስቀሉ ሥር ማርያም ልቧን ስታ በሰዎች ተከባለች። ሞቱ መራራ ቢሆንም ምስክር አላጣም፤ ብርሃኑ ለቆሙትም ይደርሳቸዋል። ሬምብራንት ከዚህ ኅትመት ቅጂዎች አንዳንዶቹን ያተመው በብራና ላይ ነው። ብራና ቀለምን እንደ ወረቀት ስለማይመጥ መስመሮቹ ፈሰስ ብለው ይለሰልሳሉ።

ከዓመታት በኋላ፣ ሊቃውንት እንደሚገምቱት በ1660 አካባቢ፣ ወደዚያው መዳብ ተመለሰ። የቀደመውን ብዙውን ፍቆ እንደገና ቀረጸው። ተንበርካኪው መቶ አለቃ ጠፋ። በግራ በኩል ረጅም ቆብ የደፋ ፈረሰኛ ገባ፤ ሬምብራንት ምስሉን የወሰደው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ፒሳኔሎ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከሠራው ሜዳልያ ነው። ከላይ እስከ ታች በብረት የተሰመሩ ጥቁር መስመሮች ሕዝቡን ሸፍነውታል፤ ከወንበዴዎቹም አንዱ በጨለማው ሊዋጥ ጥቂት ቀርቶታል። መስመሮቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው በማስመሪያ የተሳቡ ይመስላሉ፤ ርኅራኄ የላቸውም።

ሠሌዳው ተለውጦ በታተመ ቁጥር ኅትመቱ አዲስ «ደረጃ» ይባላል፤ አራተኛው ደረጃ የሚባለው ይህ ነው፤ እኔም የማስበልጠው እሱን ነው። የመጀመሪያው ሞትን በሰዎች መካከል ያሳየናል። አራተኛው ደግሞ የሚሞት ሰው፣ ስንት ሰው ቢከበው፣ ብቻውን እንደሚሞት ያሳያል። በሁለቱ መካከል ሬምብራንት በ1656 ከስሮ ንብረቱን አጥቷል። ሚስቱ ሳስኪያና ሦስት ጨቅላ ልጆቹ የሞቱት ግን ከ1653 በፊት ነው። ስለዚህ ጨለማውን በአንድ ኀዘን ብቻ የሚተረጉም ሰው ይቸኩላል። መዳቡም ቢሆን አርጅቶ ነበር። ጥቁሩ የሳሳበት ሠሌዳ ወይ ይጣላል ወይ እንደገና ይቀረጻል፤ እሱ ደክሞ ከነበረው መዳብ ከቀድሞው የከፋ ጨለማ አወጣበት።

ሬምብራንት በ1669 ከሞተ በኋላ ሠሌዳው በሌላ አሳታሚ እጅ ገብቶ የአሳታሚው ስም ተቀርጾበት ታትሟል። የሬምብራንት ቅጂዎች በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም፣ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምና በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ይገኛሉ። ወረቀት ብርሃን ስለሚጎዳው ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ አይሰቀሉም፤ ምስሎቻቸው ግን በኢንተርኔት አሉ። የመጀመሪያውንና አራተኛውን ጎን ለጎን ከፍቶ፣ በቅድሚያ መቶ አለቃው ተንበርክኮበት የነበረውን ቦታ ማየት ነው።